ነፋስ ቤት የገባው እጩ

ኤውዳልድ ፑይቨርት ለከንቲባነት ሲወዳደር ሦስተኛ ጊዜው ነበር። በመጀመሪያው በሁለት መቶ ድምፅ ተሸነፈ፤ በሁለተኛው በሰማንያ። በዚህ አካሄድ በሦስተኛው እንደሚያሸንፍ ያሰላው እሱ ብቻ አልነበረም። ወደቡ አጠገብ ካርታ የሚጫወቱት ሽማግሌዎችም «ኧረ ያሸንፋል፤ የማይመርጡት ሰዎች እኮ በየዓመቱ እየሞቱለት ነው» ይሉ ነበር።

እንጀራው የመታጠቢያ ቤት ዕቃ መሸጥ ነው። የከተማችን ግማሽ ሕዝብ በየማለዳው የሚቀመጠው እሱ የሸጠለት ላይ ነው። «እኔ በየቤቱ መሠረት አለኝ» ይላል ራሱ፣ ቀልድ መሆኑ ሳይገባው። ዋናው ሀብቱ ግን አፉ ነው። ሠርግ ላይ ይናገራል፣ የትምህርት ቤት መዝጊያ ላይ ይናገራል፣ አዲስ የቆሻሻ ገንዳ ሲቀመጥ ይናገራል። አንድ ዓሣ አጥማጅ ሞቶ ቀብሩ ላይ አርባ ደቂቃ ሲናገር፣ ቄሱ ራሳቸው ደክሟቸው የሌላ ሰው መቃብር ላይ ተቀመጡ።

እኔ ኪማ የምባል ሴት ነኝ። የምሠራው ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ትንሿ አውሮፕላን ማረፊያ አጠገብ ካለው ነፋስ ቤት ነው። ሕንፃው ውስጥ ከወለል እስከ ጣራ የቆመ ሰፊ የመስታወት ቱቦ አለ፤ ከታች ከተዘረጋው የሽቦ መረብ ሥር ነፋስ ይነሳና ሰውን አንስቶ አየር ላይ ያንሳፍፈዋል። ከአውሮፕላን በፓራሹት መዝለል የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ እዚህ መጥቶ መውደቅን ይማራል። የእኔ ሥራ ከመስታወቱ ውጭ ተቀምጦ ነፋሱን መጨመርና መቀነስ ነው። ስምንት ዓመት ሠርቼበታለሁ፤ አንድም ሰው ጣራ ላይ አልለጠፍኩም።

ቤቱ ሊሠራ ሲል ፊርማ አሰባስቦ የተቃወመው ኤውዳልድ ነበር። አደባባይ ላይ ወንበር ላይ ቆሞ «ነፋስ ሊሸጡልን ነው! እኛን! ትራሙንታና የሚነፍስብንን ሕዝብ!» ሲል አጨብጭበውለታል። እውነቱን ለመናገር እኔም አጨብጭቤያለሁ። ትራሙንታና የምንለው የሰሜን ነፋስ ከተራራው ሲወርድ እዚህ አገር የቡና ቤት ወንበር ከነጠጪው ይሄዳል። በኋላ ሥራ ሲሰጡኝ ግን ማጨብጨቡን ተውኩት።

እና በመጋቢት ወር አንድ ቀን ይኸው ሰው በራችንን ገፍቶ ገባ።

ምክንያቱን ከተማው ሁሉ ያውቃል። ተፎካካሪው ፋርማሲስቷ ናት፤ የሠላሳ ዘጠኝ ዓመት ሴት፣ በጥር ብርድ ባሕር የምትዋኝ። ከውኃው ስትወጣ የተነሳችው ፎቶ ጋዜጣ ላይ ወጣና ስለ ፍሳሽ ቦይ ያላትን ዕቅድ ማንም ሳያነበው ሰው ሁሉ ወደዳት። በዚያው ሳምንት ኤውዳልድ የባህል ማዕከሉን ደረጃ ሲወጣ ሦስተኛው ላይ ቆሞ የሥዕል አድናቂ መስሎ ግድግዳውን ሲያይ ቆየ። ግድግዳው ላይ ሥዕል የለም።

«ከአውሮፕላን ልዘል ነው» አለ በሩን እንኳ ሳይዘጋ። «ምርጫው አንድ እሑድ ሲቀረው፣ ባሕር ዳር፣ ሕዝብ ፊት።»

አሠልጣኙ ጊዬም ቱታ እያጠፈ ነበር። ቀና ብሎ አየው። ጊዬም ሠላሳ ዓመቱ ነው፣ ወሬ አይወድም፣ ጳጳሱም ቢመጣ «አንተ» ነው የሚለው።

«ከአሠልጣኝ ጋር ታስረህ ነው?»

«አንተ?» አለ ኤውዳልድ፣ ነገሩ ይመዝገብልኝ እንደሚል ሰው ወደ ኋላው ዞር ብሎ። «ደግሞስ ምን ማለት ነው ታስሬ? ሌላ ወንድ ደረት ላይ እንደ ጡት ልጅ ተንጠልጥዬ? ያን ፎቶ ፋርማሲስቷ በነፃ ታባዛልኛለች! ብቻዬን ነው የምዘለው።»

«ብቻህን ከሆነ ኮርስ አለው። መጀመሪያ እዚህ አየር ላይ መተኛት ትማራለህ። ከዚያ ክፍል ትማራለህ። ከዚያ አራት ሺህ ሜትር ላይ ሁለት አሠልጣኝ በግራና በቀኝ ይዞህ ትወጣለህ።»

«መተኛት ደግሞ ምን ትምህርት ያስፈልገዋል?»

«ኮርሱ ለሁለት ሰው ነው» አለ ጊዬም፣ ጥያቄውን አልፎት። «አንዱ ሲበር ሌላው እያየ ይማራል። ጓደኛ አለህ?»

ኤውዳልድ ወደ ኋላው ዞሮ ያያት ሴት ረመይ ነበረች። አሥራ ዘጠኝ ዓመት አብራው ሠርታለች፤ መጀመሪያ ሱቁ ውስጥ፣ ኋላ ፓርቲው ውስጥ። ንግግሮቹን የምትጽፍ፣ የሰው ልደት የምታስታውሰው፣ የደም ግፊት ክኒኑን በሰዓቱ የምታቀብለው እሷ ናት። ሃምሳ ሁለት ዓመቷ ነው፤ ፀጉሯን ራሷ በመቀስ ነው የምትቆርጠው፣ ያስታውቃል።

«ረመይ አለችልኝ፤ ታየኛለች።»

«ትበራለችም» አለ ጊዬም።

«ረመይ?» ኤውዳልድ ሳቀ። «ረመይ እኮ ሁለተኛ ፎቅ ለመውጣት ሊፍት ነው የምትጠብቀው!»

«ሊፍት የምጠብቀው የእርስዎን ቦርሳ ስለምሸከም ነው፣ አቶ ኤውዳልድ» አለች ረመይ፣ ቅጹን መሙላት ጀምራ።

ጊዬም ሚዛኑን በእግሩ ገፋ አደረገለት። «ስንት ኪሎ ነህ?»

«ሰማንያ ስምንት።»

ሚዛኑ መቶ ሦስት አለ።

«ጫማዬ ከባድ ነው።»

«ጫማህን አውልቀሃል።»

ኤውዳልድ ወደ እግሩ አየ፤ እውነትም በካልሲ ነበር። «እንግዲያው ሚዛናችሁ የተቃዋሚ ነው» አለ፤ ከዚያ ቱታ ስጡኝ ብሎ ገባ።

ትምህርቱ መሬት ላይ ይጀምራል። አጭር አግዳሚ ላይ በሆድ ተኝተህ ወገብህን ወደ ታች ትገፋለህ፣ አገጭህን ቀና ታደርጋለህ፣ ክንድህን እጥፍ አድርገህ ትለቀዋለህ። ልጆች በአምስት ደቂቃ ይይዙታል። ኤውዳልድ አግዳሚው ላይ እንደ ተደፋ ጆንያ ተጋድሞ ስለ ስፖርት ፖሊሲው ማውራት ጀመረ።

«ስማ» አለው ጊዬም። «ውስጥ ስንገባ ድምፅ የለም። ነፋሱ ይጮኻል፣ ጆሮህም ይወተፋል። የምንግባባው በእጅ ነው። ሁለት ጣት ቀጥ ሳደርግ እግርህን ዘርጋ ማለት ነው። ሁለቱን ጣት ሳጥፍ ጉልበትህን እጠፍ። በአንድ ጣት ወደ ላይ ካሳየሁህ አገጭህን ቀና አድርግ። አውራ ጣቴንና ትንሿን ዘርግቼ እጄን ሳወዛውዝ ደግሞ ሰውነትህን ፍታው ማለት ነው።»

«የእኔ ድምፅ ወፍራም ነው። ይሰማል።»

«አይሰማም።»

«ስታዲየም ውስጥ ያለ ማይክራፎን...»

«አይሰማም።»

ረመይ ምልክቶቹን በእስክሪብቶ መዳፏ ላይ እየሳለች ነበር። ኤውዳልድ ስልክ ተደወለለትና ወጣ።

ሲመለስ ገቡ። መነጽርና ሄልሜት አድርጎ፣ ሰማያዊ ቱታው ሆዱ ላይ ተወጥሮ፣ በሩ ላይ ቆሞ በመስታወቱ ዙሪያ ያለውን ሰው ቆጠረ። ጀርመን ቱሪስቶችና አንድ የልደት ድግስ ነበር። እጁን አነሳላቸው። አንዲት ሕፃን እጇን መለሰችለት፤ ይኼኔ ጊዬም ከደረቱ ደግፎ ወደ ነፋሱ አስገባው፤ እኔም ማንሻዬን ገፋሁ።

አፍ ሲከፈት ጭንቅላት ይታያል ይባላል። የእሱ ሲከፈት የታየው ግን እስከ መንጋጋ ድረስ ድድ ነው። ነፋሱ ሳይነግረው አፉ ውስጥ ገባ። ጉንጮቹ እንደ ተሰቀለ ልብስ ተርገበገቡ፣ ለሐጩ በጆሮው በኩል ወደ ላይ ሄደ። እሱ ግን ይናገራል! ከመስታወቱ ውጭ ሆኜ ከንፈሩን አየዋለሁ፤ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ነው። አንድ ቃል አልወጣም። ስምንት ዓመት እዚያ ወንበር ላይ ስቀመጥ እንደዚያን ቀን ሥራዬን ወድጄው አላውቅም።

እግሩን ጉልበቱ ላይ አጥፎት ስለነበር ወደ ኋላ እየተንሸራተተ መስታወቱን ነካ። ጊዬም ፊቱ ጎንበስ ብሎ ሁለት ጣቱን ቀጥ አድርጎ አሳየው፤ እግርህን ዘርጋ። ኤውዳልድ አየ፣ ፊቱ በራ፣ እሱም ሁለት ጣቱን ቀጥ አድርጎ መለሰለት። የድል ምልክት መስሎት ነው። ጊዬም እንደገና አሳየው። ኤውዳልድ እንደገና መለሰ፤ አሁን በሁለት እጁ። ሁለት እጁን አንድ ላይ ሲያነሳ ደግሞ ነፋሱ ገለበጠው። በጀርባው ወደቀና መረቡ ላይ ተንጋሎ እንደ ኤሊ ቀረ፤ ጣቶቹ ግን አሁንም ድል ላይ ናቸው።

የልደቱ ልጆች አጨበጨቡ። ሲወጣ የመጀመሪያ ቃሉ «ሰማችሁ ሲያጨበጭቡ?» ነበር።

ከዚያ ረመይ ገባች።

ነፋሱን ለእሷ ቀነስኩት፤ ቀላል ናት። በሩ ላይ እጆቿን ደረቷ ላይ አድርጋ ወደ ፊት ተደገፈች፤ እንዲሁ አልጋ ላይ እንደምትወድቅ ሰው። ጊዬም ያዛት። ሁለት ጣት አሳያት፤ እግሯን ዘረጋች። አንድ ጣት፤ አገጯን ቀና አደረገች። አንዴ ብቻ ትከሻዋ ደንድኖ ተናወጠች፤ ሰውነትሽን ፍቺው አላት በእጁ፤ ፈታችው። እንዴት እንደፈታችው ልነግራችሁ አልችልም። የሆነ ነገር ከትከሻዋ ላይ ሲወርድ አየሁ ብል ውሸቴን አይደለም። ጊዬም እጁን ቀስ ብሎ አነሳ። ብቻዋን፣ ምንም ሳይነካት፣ ከመረቡ አንድ ሜትር ተኩል ከፍ ብላ ተኛች።

ሁለት ደቂቃዋ አለቀ። ሰዓቱን አየሁና ሠላሳ ሰከንድ ጨመርኩላት፤ ማንም አላወቀብኝም።

ስትወጣ ኤውዳልድ ፎጣ አንገቱ ላይ አድርጎ እየጠበቃት ነበር። «እግርሽን አብዝተሽ ዘረጋሽው» አላት። «እኔን ስታዪ አልነበረም እንዴ?»

«አይቻለሁ» አለች።

በኋላ የሴቶች ልብስ መቀየሪያ ውስጥ አገኘኋት። አግዳሚው ላይ ቁጭ ብላ የጆሮ መወተፊያዎቹን መዳፏ ላይ አድርጋ ታያቸዋለች።

«ደህና ነሽ?» አልኳት።

«ሁለት ደቂቃ ሙሉ እየተናገረ አልሰማሁትም» አለች። «ይኼን መግዛት ይቻላል?»

በየሳምንቱ መጡ። ረመይ በሁለተኛው ሳምንት መዞር ተማረች፣ በሦስተኛው መውጣትና መውረድ። ከአውሮፕላን ስትዘል የምታደርገውንም ለመደች፦ አየር ላይ ተኝተሽ የእጅሽን የከፍታ መለኪያ ታያለሽ፣ ከዚያ ዳሌሽ ጋ ያለውን የፓራሹት መያዣ ትስቢያለሽ። ኤውዳልድ በሦስተኛው ሳምንት መረቡ ላይ በሆዱ መውደቅ ቻለ፤ ከጀርባው ጋር ሲነጻጸር እድገት ነው። የከፍታ መለኪያውን እይ ሲባል ሰዓት ያያል። መያዣውን ሳብ ሲባል ሆዱን ያካል። ጊዬም አንድ ቀን መውጫው ላይ «ይህ ሰው አየርን እንደ ስብሰባ ነው የሚይዘው» አለኝ፤ በወሩ ከትምህርቱ ውጭ የተናገረው ረጅሙ ነገር እሱ ነበር።

በአራተኛው ሳምንት ኤውዳልድ ፎቶ አንሺ ይዞ መጣ።

ኪስ ባዶ መሆን አለበት፤ በሩ ላይ በትልቁ ተጽፏል፣ ጊዬምም በየጊዜው ይጠይቃል። «ኪስህ ባዶ ነው?» «ባዶ ነው።» ኪሱ እውነትም ባዶ ነበር። ደረቱ ግን ባዶ አልነበረም። ከቱታው ሥር፣ ከሸሚዙ ውስጥ፣ የፓርቲውን ጨርቅ አጣጥፎ አስገብቷል፤ አየር ላይ ሆኖ ሊዘረጋው። ጨርቁ እንዳይሸበሸብ ደግሞ በበራሪ ወረቀቶቹ መሃል አድርጎታል። ሁለት መቶ ያህል ነበሩ። እያንዳንዱ ላይ የእሱ ፊት አለ፤ ከፊቱ ሥር ደግሞ የዚያ ዓመት መፈክሩ፦ «እግሩ መሬት የረገጠ ሰው»።

ጊዬም ወገቡ ላይ ቱታውን ጨብጦ ይዞት ነበር፤ ካልያዘው አይሆንም። ፎቶ አንሺው አነሳ፣ ደግሞ አነሳ። ከዚያ ኤውዳልድ እጁን ወደ አንገቱ ወሰደና ዚፑን ወደ ታች ሳበ።

በራሪ ወረቀት ለምን በራሪ እንደተባለ ያን ቀን ገባኝ። አንዴ ብቻ ብን አለ፤ ከደረቱ ሁለት መቶ ኤውዳልድ ወጥቶ ወደ ጣራው ሄደ። ከላይ ተመልሶ በጎን ወረደ፣ ዞረ፣ እንደገና ወጣ። መስታወቱ ላይ ተለጠፈ፤ ከየአቅጣጫው ፊቱ ሳቀብን። ጨርቁ ጊዬም ፊት ላይ ተጠመጠመ። ጊዬም አላየም ግን አለቀቀም፤ በአንድ እጁ ጨርቁን ሲታገል በሌላው ሰውዬውን ይዞታል። ነፋሱን በአንዴ ማጥፋት አይቻልም፣ ሰው ይወድቃል፤ ጥርሴን ነክሼ ቀስ፣ ቀስ እያልኩ አወረድኩት። ሲያርፍ አንዱ ወረቀት መጥቶ ልክ አፉ ላይ ተለጠፈ። መታገሥ አልቻልኩም፤ ሳቅኩ። የሥራ ቦታ ላይ ቁጭ ብዬ፣ እንባዬ እስኪወርድ።

ያን ቀን ሌላ ሰው አልበረረም። ሠራተኛ ሁሉ መረቡ ሥር ገብቶ እጩውን ሲለቅም ዋለ።

ጊዬም ቢሮ ገብቶ የኤውዳልድን ቅጽ አወጣና «ለአውሮፕላን ብቁ አይደለም» ብሎ ጻፈ። ኤውዳልድ ሥራ አስኪያጃችን ዘንድ ሄደ፤ ሥራ አስኪያጁ ጊዬምን ጠራው። በሩ ክፍት ስለነበር ሁላችንም ሰማን።

«ልጄ» አለ ኤውዳልድ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፁን ለስለስ አድርጎ፤ «ይኼ እኮ ፊርማ ብቻ ነው። ከንቲባ ስሆን እዚህ ቤት መጥፎ ነገር አይደርስበትም። ይገባሃል አይደል?»

«ይገባኛል» አለ ጊዬም። «ከንቲባ ሳትሆን ትሞታለህ።»

«ወረቀት ስለበተንኩ?»

«ኪስህ ባዶ ነው ወይ ስልህ ባዶ ነው ስላልከኝ። እላይ መያዣውን ሳብከው ወይ ብዬ ልጠይቅህ አልችልም።»

ሥራ አስኪያጁ ሳል ሳለ። ሁለቱንም ማስቀየም የማይፈልግ ሰው የሚስለው ሳል ነው። ፊርማው ግን ሳይፈረም ቀረ፤ ይህን ለሥራ አስኪያጁ እመሰክርለታለሁ።

ስለዚህ ዝላይ የለም። ፎቶ ግን አለ። በግንቦት መጀመሪያ ፖስተሮቹ ወጡ፤ በየመብራቱ ምሰሶ፣ በየአውቶቡስ ማቆሚያው። ሰማያዊ ሰማይ፣ ከሥር የእኛው ባሕር፣ ወደቡ፣ የቤተ ክርስቲያኑ ማማ። ከላይ ኤውዳልድ በሆዱ ተኝቶ ይበርራል። መፈክሩም ተቀይሯል፦ «ለከተማዬ እዘላለሁ»። ፖስተሩን የሠሩት ሰዎች ጊዬምን ከፎቶው ቆርጠው አውጥተውታል፤ ራሱን፣ ደረቱን፣ እግሩን። አንድ ነገር ቀርታለች። እጁ። ከየትም ያልመጣች፣ ክንድ የሌላት አንዲት እጅ፣ የእጩውን ቱታ ከመቀመጫው ከፍ ብላ ጥብቅ አድርጋ ጨብጣለች።

እስከ ቀትር ከተማው በሳቅ አልቆ ነበር።

«የማን እጅ ናት?» አለ ቡና ቤት ውስጥ አንዱ።

«የባንኩ።»

«የሚስቱ ናት፤ እንዳያመልጥ።»

«ኧረ የእኛ ናት። ሦስተኛ ጊዜ ልንጥለው ነው!»

ኤውዳልድ ገበያ መሃል ቆሞ እጇ ሆን ተብሎ የገባች ምልክት መሆኗን አስረዳ። የሕዝቡ እጅ ናት፣ ደግፋ የያዘችው። ዓሣ ሻጯ «እንደዚያ አድርጌ ሰው ደግፌ አላውቅም» ስትለው ገበያው በሳቅ ፈረሰ። ዝላዩ ይደረጋል በተባለበት እሑድ ደግሞ ፓርቲው «በኃይለኛ ነፋስ ምክንያት ተሰርዟል» የሚል ማስታወቂያ ለጠፈ። ያን ዕለት ባሕሩ እንደ ዘይት ረግቶ፣ ልጆች የወረቀት ጀልባ ይነዱበት ነበር።

ከምርጫው በፊት ያለው ቅዳሜ ሕጉ ቅስቀሳ የሚከለክልበት ቀን ነው፤ መራጩ ዝም ብሎ እንዲያስብ ተብሎ። ለኤውዳልድ ከዓመቱ ሁሉ የከፋ ቀን ነው፤ ቤቱ በር ዘግቶ ይተኛል ይባላል። ለረመይ ግን ከሁለት ወር ወዲህ የመጀመሪያዋ ዕረፍት ነበረች። ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ማረፊያው በር ላይ አገኘኋት። ኮርሱን ማታ ማታ እየመጣች ጨርሳለች፤ ጊዬም ፈርሞላታል።

«ለማን ነገርሽ?» አልኳት።

«ላንቺ፣ አሁን።»

ትንሽ አውሮፕላን ናት፤ ስትነሳ ከሥር ቆሜ አየኋት። እላይ ምን እንደሆነ የማውቀው ከጊዬም ነው። በሩ ሲከፈት ረመይ ጠርዙን ጨብጣ ወደ እሱ ዞረች። «ልተወው?» አለችው፤ ከአፏ አንብቦ ነው። አውራ ጣቱንና ትንሿን ዘርግቶ እጁን አወዛወዘላት። ሳቀች። ከዚያ በግራና በቀኝ ተይዛ ወጣች። እንደ ጊዬም አባባል ለአርባ ሰከንድ አንዲት ነገር አላበላሸችም። መለኪያዋን አየች፣ በሰዓቱ ሳበች፣ ፓራሹቱ ተከፈተ።

የተበላሸው ከዚያ በኋላ ነው። ጆሮዋ ሥር ባለው ሬዲዮ ከመሬት «ወደ ግራ፣ ረመይ፣ ወደ ግራ» ይሏታል፤ እሷ ቀኝ ትዞራለች። በኋላ ስጠይቃት ሰምታ እንደነበር ነገረችኝ። «ቀኙ ያምር ነበር» አለች። ማረፊያውን፣ መንገዱን፣ ቦዩን አልፋ አንድ የፖም እርሻ ዳር ሣር ላይ በቂጧ ወረደች። በመኪና ስንደርስ ገበሬው ማጭድ ይዞ ቆሞባት ነበር።

«ሕግ አታውቂም?» እያለ ይጮኻል፤ የኤውዳልድ ሰዎች የቅስቀሳ ዝላይ መስሎታል። «ዛሬ እኮ ቅስቀሳ ክልክል ነው!»

«ማንንም አልቀሰቅስም» አለች ረመይ፣ ፓራሹቷን እየሰበሰበች።

«ታዲያ ምን ልትሠሪ መጣሽ?»

«ወድቄ ነው፣ አባቴ።»

ሰውዬው ወደ ሰማይ አየ፣ ወደ እሷ አየ፣ ማጭዱን ጣለና ውኃ ሊያመጣላት ሄደ።

በማግሥቱ ኤውዳልድ አሸነፈ።

በመቶ አሥራ ሁለት ድምፅ። እንዴት እንደሆነ እስካሁን ይከራከራሉ፤ እኔ ግን አውቃለሁ። ያቺ እጅ ናት። ወጣቶቹ ከፖስተሩ ጋር ፎቶ ሲነሱ ሰነበቱ፤ እጃቸውን እጇ ላይ እያደረጉ። ድምፅ ሰጥተው የማያውቁ ልጆች በቀልድ ተጠራርተው ሄደው «እጇን» መረጡ። አሮጊቶቹ ደግሞ ከምራቸው ነበር። እናቴ «ፋርማሲስቷ ብቻዋን ነው የምትዋኘው» አለችኝ፤ «እሱን ቢያንስ ሰው ይዞታል።» ይኸው ነው እንግዲህ። ስለ ፍሳሽ ቦዩ የተጻፈውን ሠላሳ ገጽ አንድ እጅ በላችው። እኔ ራሴ እሑድ ሥራ በዝቶብኝ ሳልመርጥ ዋልኩ። ስለዚህ የማማረር መብት የለኝም፤ ቢሆንም አማርራለሁ።

ኤውዳልድ ያሸነፈው ስለበረረ ይመስለዋል። የከንቲባነቱን ሰንሰለት አንገቱ ላይ ሲያደርጉለት «ከላይ ሆኜ ይህችን ከተማ ሳያት» ብሎ ጀመረ። ማንም አላረመውም። ከመረቡ አንድ ክንድ ከፍ ብሎ ያየው ከተማ እንደሌለ የሚያውቁ ሰዎች ሳይቀሩ አጨበጨቡ።

ያን ሐሙስ ረመይን ነፋስ ቤት ካፌ ውስጥ ልጠይቃት ስፈልግ የቆየሁትን ጠየቅኋት። ፖስተሩ ከመታተሙ በፊት ያየችው እሷ ናት፤ ከፓርቲው ያለ እሷ ፊርማ ምንም አይወጣም።

«እጇን ሳታዪያት ቀርተሽ ነው?»

ዳቦዋ ላይ ቲማቲም ስትቀባ ቆየች።

«ኪማ» አለች በመጨረሻ፣ «እኔ አሥራ ዘጠኝ ዓመት አንዲት ነጠላ ሰረዝ አምልጣኝ አታውቅም።»

«እንዲሳቅበት ብለሽ ተውሻት፤ እና አስመረጥሽው!»

«እና አስመረጥኩት።» መሳቅ ጀመረች፤ መጀመሪያ በአፍንጫዋ፣ ከዚያ ጠረጴዛው ላይ ተደፍታ፤ አስተናጋጁ የምታለቅስ መስሎት ውኃ ይዞ መጣ።

ሥራዋን አልለቀቀችም። ለጡረታ ስምንት ዓመት ይቀራታል፤ ሰውም በነፋስ ብቻ አይኖርም። ማዘጋጃ ቤት የከንቲባው ጽሕፈት ቤት ኃላፊ ሆናለች። ከመቀበሏ በፊት አንድ ነገር ጠይቃለች አሉ፤ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ እንዳትጠራ። ኤውዳልድ «ሐሙስ ምን አለሽ?» ሲላት «ቀጠሮ» አለችው። ሐኪም ቤት መስሎት ራሱን ነቅንቆ «አይዞሽ» አላት።

አሁን በጭንቅላት መብረር እየተማረች ነው፤ ራስን ወደ ታች፣ እግርን ወደ ላይ አድርጎ። ከባድ ነው፣ ጊዬም ራሱ ሁለት ዓመት ፈጅቶበታል። ባለፈው ሐሙስ ስትገለበጥ ክርኗ መስታወቱን መታ፤ እኔ ጋ ድረስ ተሰማኝ። ነፋሱን ልቀንስ እጄን ስሰድ ቀና ብላ አየችኝ። ስድቧን በከንፈሯ አነበብኩት፤ ቃሉን እዚህ አልጽፈውም። ከዚያ ጣቷን ወደ ላይ ቀሰረች፦ ጨምሪ።

ጨመርኩላት።